ከጋሪ የተፈታው ዳማ

ጋሪ ነጂዎች ያረጀና የቆሰለ ፈረስ አይሸጡም፤ ገዢ የለውም። ዕቃውን ፈትተው መንገድ ዳር ይለቁታል፤ የቀረው የጅብ ፋንታ ነው። በ2007 ዓ.ም. ሰኔ ላይ፣ ከደብረ ታቦር ወደ ገሳይ በሚወስደው መንገድ ዳር እንዲህ የተለቀቀ ዳማ ፈረስ ዝናብ ሲወርድበት ቆሞ ነበር። ብዙዎቻችን በመኪና አልፈነዋል። ውቢት ካሳው ግን ሚኒባሱን አስቁማ ወረደች።

ውቢት ጎረቤቴ ናት። ኩዌት በሰው ቤት ስትሠራ ኖራ ተመልሳ ከአባቷ ጋር ትኖር ነበር። አባቷ አቶ ካሳው በጉብዝናቸው ጊዜ ጥምቀት በመጣ ቁጥር ከታቦት ፊት የሚጋልቡ ፈረሰኛ ነበሩ። የመጨረሻው ፈረሳቸው ከሞተ ወዲህ በበዓሉ ቀን ከቤት አይወጡም። የሆታው ድምፅ ሲሰማ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞሩ እንደነበር አስታውሳለሁ። ውቢት የተመኘችው አንድ ነገር ነው፤ ለጥምቀት ከዚያ ደጅ ዳግመኛ ፈረስ እንዲወጣ።

ፈረሱን እየጎተተች ግቢ ስታስገባው አቶ ካሳው ከደጃፍ ቁጭ ብለው አዩት።

«ምንድን ነው ያመጣሽው?»

«ፈረስ ነው፣ አባዬ።»

«ይሄማ ቆዳ የለበሰ አጥር ነው!»

ጀርባው ሙሉ ገጣባ ነበር፤ የጋሪው ዕቃ ልጦት ቁስሉ ዝንብ ወሮታል። ሰኮናውም ተሰነጣጥቋል። ውቢት የእንስሳት ሐኪም ጠርታ አሳከመችው። ከዚያ በኋላ ጠዋት ማታ ለብ ባለ የጨው ውኃ ታጥበዋለች፣ ማር ትቀባዋለች። ዝንቡ አላስቀምጥ ሲለው ከኩዌት ለብሳው የመጣችውን ጥቁር አባያ ቀሚስ ቀድዳ አለበሰችው። ሠፈሩ በሳቅ ፈረሰ።

«አንቺ ውቢት፣ ለጅቡ ነው እንዲህ የምታደልቢለት?» አሏት ጎረቤታችን እትዬ ፈንታነሽ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው።

«አዎ እትዬ፤ ድግሱ ሲደርስ እርስዎንም እጠራለሁ፣ ከጅቡ አጠገብ አስቀምጥዎታለሁ።»

መስከረም ሲጠባ ቁስሉ ደረቀ። የምታበላው ገብስ ጎኑን ሞላው። አንድ ቀን አቶ ካሳው ማንም ሳይጠይቃቸው አቧራ የጠጣውን ኮርቻቸውን ከጓዳ አውጥተው ቅቤ ሲቀቡት አየኋቸው። ከዚያ ወዲያ ልጅቱን ግልቢያ የሚያስተምሩት እየጮሁ ነበር። «ጉልበትሽን አጥብቂ! የተጫነ ጀሪካን ነሽ እንዴ?»

የከተራ ዕለት ውቢት ፈረሷን ይዛ ወደ ፈረሰኞቹ አለቃ ወደ ደሳለው ሄደች። ደሳለው የፈረሱን ጠባሳ አይቶ ራሱን ነቀነቀ።

«እህቴ፣ ይሄ ሲሚንቶ ሲጎትት የኖረ ነው። የጋሪ ፈረስ ታቦት ፊት ይወጣል?»

«ሠርቶ የበላ ፈረስ ነው። የእናንተው በዓመት አንድ ቀን ነው የሚወጣው።»

ፈረሰኞቹ ሳቁ። ደሳለውም ሳይወድ ሳቀና «እንግዲያው ከኋላ ሁኚ» አላት።

በማግስቱ ታቦቱ ከባሕረ ጥምቀቱ ሲመለስ ፈረሰኞቹ ከፊት፣ ውቢት ከሁሉም ኋላ ሆነው ቁልቁለቱን ጀመሩ። ጠባቡ መታጠፊያ ላይ ድምፅ ማጉያ የጫነ አይሱዙ ቆሞ ነበር። ሾፌሩ ሕዝቡን ገለል ለማድረግ ክላክሱን ድንገት ለቀቀው። ዓመቱን ሙሉ መስክ ላይ የኖሩት የበዓል ፈረሶች በሁለት እግራቸው ተነሡ። አንዱ ጌታውን ጥሎ ሮጠ። የደሳለው ግራጫም ወደ ኋላ እያፈገፈገ መንገድ ዳር ወደቆሙት መዘምራን ሕፃናት ተጠጋ።

ዳማው ጆሮውን እንኳ አላነቃነቀም። ዕድሜውን በሙሉ በአይሱዙ መካከል ጋሪ ሲጎትት የኖረ ነው፤ ክላክስ ለእሱ የሰላምታ ያህል ነው። ውቢት በጎን ወደፊት ነዳችው፤ በግራጫውና በሕፃናቱ መካከል አስገብታ ቀጥ አድርጋ አቆመችው። ግራጫው የዳማው ትከሻ ላይ ተደገፈና መንቀጥቀጡን ተወ። ከዚያ ሌሎቹም አንድ በአንድ ወደ እሱ ተጠጉ።

ደሳለው ላቡን ጠረገ። «ከፊት ሁኚ» አላት፤ «እኛ እንከተልሻለን።»

እልልታው ከዳር እስከ ዳር ቀለጠ። አቶ ካሳው ከስንት ዓመት በኋላ ከቤት ወጥተው ከሕዝቡ መካከል ቆመው ኖሮ ዱላቸውን ወደ ሰማይ አነሡ። እዚህ አገር ጀግና በፈረሱ ስም ይጠራል፤ ስሙ የሚወጣውም ፈረሱ ከተፈተነ በኋላ ነው።

«አባ አይደነግጥ!» ብለው ጮሁ። «የካሳው ልጅ፣ አባ አይደነግጥ!»

ሴት በፈረስ ስም ስትጠራ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ዛሬ ግን ገበያ ስትወጣ እትዬ ፈንታነሽ ሳይቀሩ «አባ አይደነግጥ፣ እንዴት አደርሽ?» ይሏታል፤ እሷም ቀና ብላ «እግዚአብሔር ይመስገን» ትላለች።