ሦስተኛው ብልቃጥ

ሆስፒታሉ ውስጥ በስሙ የሚጠራው አልነበረም፤ ትልቁም ትንሹም «ባለሳጥኑ» ነው የሚለው። ከየክፍሉ የተቀዳውን ደም፣ ሽንትና አክታ በሳጥን ሰብስቦ ምድር ቤት ወዳለው ላቦራቶሪ ማድረስ ሥራው ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ተመላልሶበታል። አሳንሰሩ አንድ ቀን ሠርቶ ሁለት ቀን ስለሚያርፍ መንገዱ ደረጃው ነበር፤ ከአራተኛ ፎቅ እስከ ታች ዓይኑን ጨፍኖ ይወርደዋል።

ተመራማሪዋ የመጣችው አንድ ሰኞ ነው። ከዩኒቨርሲቲ የተላከች ቀጠን ያለች ሴት ስትሆን፣ የሰውነት ፈሳሽ ከክፍል ወደ ክፍል ሲጓጓዝ በሚያጓጉዘው ሰው ላይ ምን አደጋ እንደሚያደርስ ታጠና ነበር። ገና ከመጀመሪያው የስምምነት ወረቀት ሰጠችው። መነጽሩን አድርጎ ሁለት ጊዜ አነበበው።

«ስሜ የትም አይገባም ነው የሚለው?»

«የትም አይገባም ጋሼ። ያየሁትን ከእርስዎ ስም ጋር አያይዤ ለአለቃዎም ለማንም አልናገርም። እኔም ፈርሜበታለሁ።»

ፈረመ። ከዚያ ወዲያ ደብተሯን ይዛ እግር በእግር ተከተለችው። ስንት ጊዜ እጁን እንደታጠበ ትጽፋለች፤ ስንት ጊዜ ሳጥኑን በጉልበቱ ደግፎ በር እንደከፈተ ትጽፋለች። ረቡዕ ላይ ትዕግሥቱ አለቀ።

«ጥላዬ እንኳ ፀሐይ ስትጠልቅ ይተወኛል» አላት። «አንቺ መቼ ነው የምትተዪኝ?»

«ከስድስት ሳምንት በኋላ» አለች፣ ከደብተሯ ቀና ሳትል።

ሳቁ አመለጠው። ከዚያን ቀን ጀምሮ አላስቸገረችውም።

ሐሙስ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ ከውስጥ ደዌ ክፍል አሥራ አንድ የደም ብልቃጥ ተቀብሎ ወጣ። የሳጥኑ መቆለፊያ ከተሰበረ ወራት አልፎታል፤ ክዳኑን በቁስል ማሰሪያ ጨርቅ ነበር የሚያስረው። ጓንት አላደረገም። የደረጃውን መደገፊያ ብረት ሲይዝ ጓንቱ ስለሚያንሸራትተው ኪሱ ውስጥ ነው የሚያኖረው። ሁለተኛ ፎቅ መታጠፊያው ላይ ወለሉ ገና ተወልውሎ እርጥብ ነበር። እግሩ ከዳው። ሳጥኑ ከእጁ ሲያመልጥ ለመያዝ ተወረወረ፣ ጨርቁ ተፈታ፣ እሱም በቀኝ መዳፉ ተደግፎ ወደቀ። መዳፉ ያረፈው የተሰባበሩት ብልቃጦች ላይ ነበር።

መጀመሪያ ያደረገው ነገር ግራና ቀኝ ማየት ነው። ከእሷ በቀር ሰው የለም። መዳፉ መሐል የተሰካውን ስባሪ ነቅሎ ጣለና በማሰሪያው ጨርቅ መሬቱን መጥረግ ጀመረ። እጁ ላይ ያለው ደም የራሱ ይሁን የሰው አይለይም።

ተመራማሪዋ ደብተሯን ጥላ ክንዱን ይዛ ወደ እጅ መታጠቢያው ወሰደችው።

«በሳሙና ይታጠቡት። አይጭመቁት፤ ውሃው ብቻ ይውረድበት። ከዚህ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ነው የምንሄደው።»

«የትም አንሄድም።»

«ጋሼ፣ ለኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት አለ። ቶሎ ሲጀመር ነው የሚጠቅመው። ሦስት ቀን ካለፈ ዋጋ የለውም።»

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት እዚህ ቤት ኖሬ ይሄ ይጠፋኛል?» መዳፉን በመሐረብ ጠቀለለ። «ፈርመሻል አይደል? ፊርማሽን አክብሪ።»

ቧንቧውን ዘጋች። «አከብራለሁ። ከእኔ አፍ አይወጣም። ግን ከአጠገብዎ አልሄድም።»

ያስፈራው መድኃኒቱ አልነበረም። ከአራት ዓመት በፊት አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ቆሻሻ ከረጢት ውስጥ የተጣለ መርፌ ወግቷት ነበር። እንደ ደንቡ ሄዳ አመለከተች። ቀኑ ሳይመሽ ወሬው ፎቁን ሁሉ አዳረሰ። ምርመራዋ ደህና ሆኖ ሳለ የሠራተኞቹ ሻይ ክፍል ውስጥ ብርጭቆዋ ለብቻው ይቀመጥ ጀመር፤ አጠገቧ የሚቀመጥ ጠፋ፤ ዓመት ሳይሞላ ሥራውን ትታ ሄደች። እሱ ራሱ አንድ ቀን ሻይ ቀድታ ስትሰጠው «አሁን ጠጥቼ መጣሁ» ብሎ መልሶላታል። አልጠጣም ነበር። እሷም እንዳልጠጣ አውቃለች። ያን ቀን ያየችውን አስተያየት እስከዛሬ አልረሳውም።

የተረፉትን ስምንት ብልቃጦች ይዞ ወረደ። የላቦራቶሪው ኃላፊ፣ ድምፁ ከሰውነቱ የሚበልጥ ሰው፣ ቆጠረና አፈጠጠበት።

«ሦስቱስ?»

«ተሰበሩ። አዳልጦኝ።»

«አንተስ? ተጎዳህ?»

«እኔ ምን እሆናለሁ» አለ፣ ቀኝ እጁን የጋዋኑ ኪስ ውስጥ ከትቶ።

ሦስቱ በሽተኞች እንደገና ደም እንዲሰጡ ማዘዣ ተጻፈ። ማዘዣውን ይዞ አራተኛ ፎቅ የወጣውም እሱው ነው። የክፍሉ ነርስ መዝገብ እያገላበጠች ስታጉረመርም አጠገቧ ቆሞ ጆሮውን አቆመ። አንደኛዋ በሽተኛ ከሳምንት በፊት ተመርምራለች፤ ቫይረስ የለባትም። ሁለተኛውም እንደዚያው። የሦስተኛው አልጋ ባዶ ነበር።

«ይሄኛው ሄዷል» አለች ነርሷ። «ደሙን እንደሰጠ ቤተሰቦቹ መጥተው ይዘውት ወጡ። የሰጡን ስልክም አይሠራም።»

«ሕመሙ ምን ነበር?» አላት።

«መች ታወቀ። ትኩሳት አለው፣ ክብደቱ በጣም ቀንሷል። ምን እንደሆነ የሚነግረን ያ ብልቃጥ ነበር።» ቀና ብላ አየችው። «ምነው ጋሼ፣ ገረጡ?»

«ደረጃው ነው» አለ።

ተመራማሪዋ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ትጠብቀው ነበር። ደብተሯን ዘግታዋለች። እስከ ስምንት ሰዓት ሁለት ጊዜ ወጥቶ ሁለት ጊዜ ሲወርድ ተከተለችው። መዳፉ ይጠዘጥዘዋል። ልቡ ደግሞ ያለፈውን ሰዓት ይቆጥራል፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። በሦስተኛው ዙር መታጠፊያው ላይ ቆመ።

«እዚህ አልታከምም» አላት።

«ከሁለት ፌርማታ ማዶ ጤና ጣቢያ አለ። እዚያ የሚያውቅዎት የለም። መድኃኒቱ ያው ነው።»

«አንቺስ ምን ብለሽ ትጽፊዋለሽ?»

«ሐሙስ፣ አንድ ሰው፣ መዳፍ። ሌላ ምንም።»

«አንድ ሰው» ብሎ ደገመው። ከዚያ ሳጥኑን ለተረኛው አስረከበና ጥርሴን አሞኛል ብሎ አስፈቅዶ ወጣ።

ጤና ጣቢያው ውስጥ ደም ሲቀዱት፣ ዕድሜውን ሙሉ የሰው ደም ሲሸከም የኖረው ሰው የራሱን ብልቃጥ ውስጥ ሲያይ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። የዛሬው ውጤት ንጹሕ ነው አሉት፤ ግን ይሄ የሚናገረው ከአደጋው በፊት ስለነበረው ነው። መድኃኒቱን ሃያ ስምንት ቀን ሳያቋርጥ ይውጣል። በስድስት ሳምንት አንድ ምርመራ፣ በሦስት ወር ደግሞ የመጨረሻው። እስከዚያ ድረስ ከባለቤትዎ ጋር ይጠንቀቁ አሉት።

ከሁሉ የከበደው ይህ ነበር። ወገቤን አሞኛል ብሎ ሳሎን ሶፋው ላይ መተኛት ጀመረ። መድኃኒቱን የማያደርገው አሮጌ ጫማ ውስጥ ደበቀው። ያቅለሸልሸዋል፣ እህል ሲያይ ይዘጋዋል። ሚስቱ አይታ እንዳላየች ሆና ስምንት ቀን ቻለች። በዘጠነኛው፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ልጃቸው ገበያ እንደወጣች መድኃኒቱን አምጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«ይሄ የወገብ ነው?»

መድኃኒቱን ወደ ራሱ ሳበው።

«ሴት ከሆነም ንገረኝ። ልቤ ተንጠልጥሎ አልኖርም።»

«ሴት አይደለም። ወድቄ ነው።» መዳፉን ዘርግቶ ጠባሳውን አሳያት፤ ከዚያ ደረጃውን፣ ሦስቱን ብልቃጦች፣ የጠፋውን በሽተኛ ሁሉንም አወራላት። እስኪጨርስ አላቋረጠችውም።

«ይህን ማን ያውቃል?»

«አንዲት ተመራማሪ አለች። እሷ ናት ጤና ጣቢያ የወሰደችኝ።»

«ከእኔ በፊት» አለች። ተነሥታ ወጥ ቤት ገባችና ዕቃ ስታጋጭ ቆየች። ስትመለስ ብርጭቆ ሙሉ ውሃ ይዛለች። «ዋጠው። ከነገ ጀምሮ የምሰጥህ እኔ ነኝ። ሶፋው ላይ ግን ትተኛለህ። እስከዛሬ ስለወገብህ ነበር፤ አሁን ስለደበቅከኝ ነው።»

የስድስት ሳምንቱ ምርመራ ደህና ሆነ። በሰባተኛው ሳምንት ተመራማሪዋ ያገኘችውን ለሠራተኛውና ለኃላፊዎቹ በመሰብሰቢያ አዳራሹ አቀረበች። በስድስት ሳምንት ሃያ ሦስት ጊዜ ፈሳሽ ተደፍቷል፤ ዘጠኝ ጊዜ የሰው ቆዳ ነክቷል፤ አንድ ጊዜ አቁስሏል። ሆስፒታሉ መዝገብ ላይ ግን አንድም የለም። የማይሰበር ብልቃጥና የሚቆለፍ ሳጥን እንዲገዛ ጠየቀች።

ሥራ አስኪያጁ ወንበሩ ላይ ተመቻቸ። «ቆሰለ የተባለው ሰው ማን ነው?»

«ስሙን መናገር አልችልም።»

«ካልተመዘገበ፣ ስም ከሌለው፣ መኖሩን በምን እናምናለን? እንዲህ ባለ ነገር ላይ ተመሥርቶ ዕቃ ግዙ ማለት ይከብዳል።»

ወረቀቶቿን ደጋግማ ስታስተካክል ባለሳጥኑ ከኋላ ረድፍ አያት። ስሙን ብትተነፍስ ጥናቷ ይድንላታል፤ አልተነፈሰችም። የሱ የመጨረሻ ውጤት ገና አልወጣም። የፊቱን ወንበር ይዞ ተነሣ።

«እኔ ነኝ» አለ። «ያላመለከትኩት ፈርቼ ነው። ከእኔ በፊት አንዲት ሠራተኛ አመልክታ፣ እዚህ የተቀመጥን ሰዎች ነን ያባረርናት። ሂጂ ያላት የለም። ብርጭቆዋን ለይተን ነው። እኔም አለሁበት።»

ሥራ አስኪያጁ ብዕሩን ከፈተ፣ ዘጋ። «ይቀመጡ» አለ በመጨረሻ። «ይጻፍ።»

ከወር በኋላ የማይሰበሩ የፕላስቲክ ብልቃጦችና የሚቆለፍ ሳጥን መጡ። የተጎዳ ሠራተኛ ከሰው ዓይን ተለይቶ የሚታይበት ክፍልም ተሰጠ። አሳንሰሩ ግን እንደድሮው ነው። አንዳንዶች ለጥቂት ቀን ባለሳጥኑን ሲያዩ ወሬ ይቆርጡ ነበር፤ የላቦራቶሪው ኃላፊ ግን ምሳ ሰዓት ላይ መጥቶ አጠገቡ ዘጭ አለና ስለተሸነፈው የኳስ ቡድኑ ሲያማርር ዋለ። ባለሳጥኑ የዚያችን የጽዳት ሠራተኛ ስልክ በሰው በሰው አፈላልጎ አገኘና ደውሎ ይቅርታ ጠየቃት። ያለውን ሁሉ አዳመጠችው። «እሺ» ብላ ዘጋች። ከዚያ በላይ አልጠበቀም።

ሦስት ወር የሞላ ዕለት ሚስቱ አብሬህ ካልሄድኩ አለች። ጤና ጣቢያው ኮሪደር ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ አንድ ሰዓት ያህል ተቀመጡ። ወረቀቱን ሲሰጡት መነጽሩን ቢፈልግ አጣው፤ ቤት ረስቶታል። ሚስቱ ተቀብላ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረችው።

«ንጹሕ ነው ይላል።»

«ደግመሽ አንብቢው።»

ደግማ አነበበችው። ከዚያ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ ይዛ አለቀሰች። ሦስት ወር ሙሉ ስትቆጣው እንጂ ስትፈራ አላያትም ነበር። እጇን ይዞ ተቀመጠ፤ ሌሎች ተራ ጠባቂዎች እያዩአቸው።