አርባ ቀን ከእኔ የተደበቀው ሕፃን

ባለፈው እሁድ እዚህ ሰው አገር፣ ኢቶቢኮ የሚባል ሰፈር ክርስትና ተጠርቼ ሄድኩ። ተጠርቼ ስል... መልእክቱ የደረሰኝ ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ሌላው ሰው ካርዱ ከደረሰው ሦስት ሳምንት ሆኖታል።

ደጋሿ ቤዛ ናት። እዚሁ ከተማ ፓርክዴል ሰፈር አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይተን ሁለት ክረምት አብረን ያሳለፍን ጓደኛዬ። ወንድ ልጅ ስትወልድ ግን «ሐኪሙ ለጊዜው ጠያቂ አይግባ ብሏል» አለችኝ። አመንኳት። ከዚያ ቤቷ ሄደው ገንፎ የበሉት ሰዎች ፎቶ ስልኬ ላይ መጣ... ቆጠርኳቸው። አሥራ አንድ ናቸው። ለካ ሐኪሙ የከለከለው እኔን ብቻ ነው።

ምክንያቱን አውቃለሁ። ሰባት ወር የሆናት ልጄ ሶልያና ስትወለድ ታፍና ነው የወጣችው። አንጎሏ ኦክስጅን አጥቶ ተጎዳ። ጉዳቱ እንዳይብስ ብለው ሦስት ቀን ሙሉ በሚያቀዘቅዝ ፍራሽ ላይ አስተኟት። ዛሬም አንገቷ አልጸናም፤ ወተት የምትወስደው በአፍንጫዋ በገባ ቀጭን ቱቦ ነው። እና በእኛ ሰው ዘንድ፣ የታመመ ልጅ ያላት እናት ዓይኗ የሰው ጤነኛ ልጅ ላይ ያርፋል። ዓይኗ ካረፈ ደግሞ...

ልዋሻችሁ አልፈልግም፣ እቀናለሁ። አውቶቡስ ውስጥ አንድ ሕፃን ጋሪው ላይ ተቀምጦ ብስኩት ሲያኝክ ሳይ፣ መውረጃዬ ያልፈኛል። ግን ቀናሁ ማለት ክፉ ተመኘሁ ማለት ነው እንዴ?

የቤዛ መልእክት መጨረሻው ላይ «ሶሊ በጫጫታው እንዳትረበሽ እቤት ብትተያት ይሻላል» ይላል። ነጭ ቀሚስ አልብሼ፣ ከነቱቦዋ ይዣት ሄድኩ።

ድግሱ የሚኖሩበት ሕንፃ ሥር ባለው አዳራሽ ነው። ገና ከበር ሲያዩኝ እትዬ አስካለ ሕፃኑን ከራሱ እስከ እግሩ በነጠላ ከደኑት። እትዬ አስካለ የቤዛ እናት ናቸው፤ አራስ ልጃቸውን ሊንከባከቡ ከአገር ቤት የመጡ። ሌላ ሰው ሲጠጋ ይገልጡታል፣ እኔ ዞር ስል ይከድኑታል። ድስት ነው የሚመስለው።

«እንኳን ማርያም ማረችሽ» አልኳት ቤዛን።

«አሜን... ውይ፣ ሶሊ አደገች አይደል?» አለች። ሶሊንም እኔንም ሳታይ።

አንድ ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። ምሳ ተነስቶ ሰው ሲጫወት ልብሱን ሊቀይሩለት ሕፃኑን አወላለቁት። ኤሲው ከላይ ይነፋል። ድንገት ቤዛ ጮኸች።

«ልጄ! ልጄ ምን ሆነ!»

የልጁ ቀኝ እጅና አገጩ ይንቀጠቀጣል። ባሏ ስልኩን አውጥቶ «አምቡላንስ ልጥራ? ልጥራ?» እያለ ይዞራል። እትዬ አስካለ ግን ልጁን አላዩም። እኔን ነው ያዩት።

«ብዬሽ ነበር! አትጥሪያት ብዬሽ ነበር!»

«እትዬ፣ ምን እያሉ ነው?»

«ውጪልን፣ ልጄ! በፈጠረሽ አምላክ ይዤሻለሁ፣ ዓይንሽን ይዘሽ ውጪልን!»

«ዓይኔ ያን ያህል ጉልበት ቢኖረው ልጄን ባዳንኩበት!»

ልጁ አንድ ነገር ከሆነ ዕድሜ ልኬን በእኔ እንደሚያሳብቡ ገባኝ። መውጣት እችል ነበር። ግን ያ እጅ አሁንም ይንቀጠቀጣል፣ እዚያ አዳራሽ ውስጥ ደግሞ ምን ማድረግ እንዳለበት የሚያውቅ ሰው የለም... ከእኔ በስተቀር። ሶልያናን አጠገቤ ላለችው ሴት አስታቅፌ ተነሳሁ።

«እንዳትነኪው!» አለች ቤዛ።

ነካሁት።

ሆስፒታል ሳለን አንዲት ነርስ ያስተማረችኝ ነገር አለ። የሕፃን እጅ ሲንቀጠቀጥ ቀስ ብለሽ ያዢው። ስትይዢው ካቆመ፣ ብዙ ጊዜ ብርድ ወይም ረሃብ ነው፤ ነርቩ ገና ስላልጠና ነው። መዳፍሽ ውስጥም እየመታ ከቀጠለ ግን አንጎሉ ነው፣ ሩጪ።

ያዝኩት። ቆመ።

ለቀቅኩት... ጀመረ። እንደገና ያዝኩት። ቆመ። ጎንበስ ብዬ ፊቱን አየሁ፤ እሱም ትክ ብሎ አየኝ። ጉንጩን በጣቴ ስነካው አፉን ከፍቶ ጡት ፍለጋ ዞረ።

«በርዶታል፣ ርቦታልም» አልኳት ቤዛን። «ሸፍኚውና አጥቢው። ከደገመው በቪዲዮ ቅረጪና ነገ ለሐኪሙ አሳዪ። ግን እኔ እንደማየው... ጤነኛ ነው።»

ይህን ስናገር ደስ ያለኝ እንዳይመስላችሁ። ሶልያና በተወለደች በማግስቱ እጇን ልክ እንዲህ ይዤው ነበር። ያዝኩት፣ ያዝኩት... አልቆመም። የቤዛ ልጅ እጅ መዳፌ ውስጥ እርግት ሲል የቀናሁትን ያህል በሕይወቴ ቀንቼ አላውቅም። ጥርሴን ነክሼ ነው የቆምኩት።

ልጁ ጡት ይዞ ዝም አለ። ሰዉ ቀስ በቀስ ወደ ወሬው ተመለሰ። ይቅርታ ያለኝ የለም። ቤዛ ቀና ብላ አየችኝና ተመልሳ ወደ ልጁ አጎነበሰች። ልጄን ተቀብዬ ወጣሁ።

ሊፍት ስጠብቅ ከኋላዬ የነጠላ ጫማ ድምፅ ሰማሁ። እትዬ አስካለ ናቸው፣ ልጁን ታቅፈው ያለከልካሉ።

«ልጄ...» አሉኝ፣ እያፈሩ። «እስቲ ግራ እጁንም እይልኝ።»

ሶልያናን በአንድ ክንዴ አድርጌ የልጁን ግራ እጅ ያዝኩት። ግራውም ደህና ነው።

በእሱም ቀናሁ።