የቻለው ሳጥን

አዋጅ! በጣና ዳር የምትኖር፣ በታንኳ የምትመጣ፣ በእግርህ የምትሄድ ሁሉ፣ ጆሮህን ወዲህ በል! ዘሩ ያልታወቀ፣ ቁመቱ ከወጥ ድስት የማይበልጥ፣ ጆሮው ገና ያልቆመ፣ ቻለው የተባለ ቡችላ ከዛሬ ጀምሮ በጓድ አዘዘ ቤት ውስጥ፣ በምንጣፍም ሆነ በወለል፣ በአልጋ ሥርም ሆነ በጫማ ውስጥ ሽንቱን እንዳይሸና በጥብቅ ተከልክሏል። ተላልፎ ቢገኝ ሳጥን ይዘጋበታል። ይግባኝ የለውም።

አዋጁን ያወጀው ራሱ አዘዘ ነው። ስሙ አዘዘ፣ ሥራው ማዘዝ። በፋብሪካ የፈረቃ ተቆጣጣሪ፣ እሑድ እሑድ ደግሞ የቀበሌያችን የውይይት ክበብ ሰብሳቢ ነበር። በየወሩ ከሚታደሉት የንቃት ጽሑፎች የሽፋኑን ቀይ ቀለምና የመጀመሪያውን ገጽ በቃሉ ይወጣዋል። ሁለተኛው ገጽ ላይ ሲደርስ ያየው ሰው የለም።

ቡችላውን ከነሳጥኑ የሰጠው ማሽን ሊተክል መጥቶ ወደ አገሩ የሚመለስ ፈረንጅ ነው። ሳጥኑ መለዋወጫ የመጣበት ጣውላ ሲሆን ጎኑ ላይ የብርጭቆ ሥዕል አለበት፤ «ተሰባሪ ነውና ተጠንቀቅ» ማለት ነው። ፈረንጁ በአስተርጓሚ አስረዳው፦ «ሳጥኑ ጎጆው ነው። ውሻ የሚተኛበትን ማቆሸሽ አይወድም። ግን ሲበላ አውጣው፣ ሲነቃ አውጣው፣ መሬት ማሽተት ሲጀምር አውጣው። ደጅ ሲሸናልህ አመስግነው። መቅጫ እንዳታደርገው።»

አዘዘ «ሳጥን» የሚለውን ሰማ። «አውጣው» የሚለው ሁለተኛው ገጽ ላይ ነበረ።

ሚስቱ፣ የብርጓል፣ በር ላይ ቆማ ጠበቀችው።

«ውሻ ከቤት ሲያድር የት አየህ?»

«ይህ ተራ ውሻ አይደለም፤ የነቃ ውሻ ነው።»

«እሱማ ሲነቃ ነው የሚሸናው» አለች።

ግቢውን የሚጋሩት ከወረታ መጥተው ጨርቅ የሚነግዱት ወይዘሮ ሸሪፋም ከደጃፋቸው ብቅ አሉ።

«አዘዘ፣ በአንድ ግቢ ነው ያለነው። ይህ ጉድ ገብቶ መስገጃዬን ቢነካብኝ፣ ወላሂ፣ አንታረቅም።»

«እትዬ ሸሪፋ፣ ክረምቱ ሳይገባ ሥርዓት ካላስያዝሁት ስሜን ቀይሩት!»

«እንዴ! ማን ልበልህ ታዲያ?»

ሳቀ። ሰው እንዲህ ሲል ስሙን መያዣ ማስያዙ ትዝ አይለውም። በእኛ አገር የውሻ ስም ለውሻው አይወጣም፤ ለጎረቤት ነው የሚወጣው። «ቻለው» ያለውም እትዬ ሸሪፋን ሊነካ ነበር፤ እሱ ሽንቱን ይችላል፣ እርስዎም ቻሉት ለማለት።

ከዚያ ሥልጠናው ተጀመረ። አዘዘ ጓጉንቸር ገዝቶ ሳጥኑ ላይ ገጠመ፤ ቁልፉን ኪሱ ከተተ። ወደ ፈረቃው ሲሄድ ይቆልፋል፣ ስብሰባ ሲሄድ ይቆልፋል፣ እንቅልፍ ሲወስደው ይቆልፋል። ቡችላው ሲያለቅስ «ማጉረምረም ነው» ይላል። ሳጥኑ ውስጥ ሲሸናማ ማጅራቱን ይዞ አፍንጫውን ከእርጥቡ ጆንያ ያስነካውና «ግለ ሂስህን አቅርብ!» ይለዋል። ቡችላው ያስነጥሳል። ጆንያውን የምታጥበው የብርጓል ናት።

«መቻልስ ይችል ነበር፤ የሚከፍትለት አጣ እንጂ» አለችው አንድ ቀን። «ቁልፉን ተውልኝ።»

«አንቺ ልል ነሽ። ዲሲፕሊን አይገባሽም።»

ዲሲፕሊን በክበቡም አለ። ስብሰባው ሳያልቅ በር አይከፈትም፤ ደንቡን ያወጣው አዘዘ ነው፤ አየር ልቀበል ብሎ የወጣው ሁሉ ሐይቁ ዳር ጥላ ሥር ተኝቶ እየተገኘ ስላስቸገረው። ታዲያ አንድ እሑድ አባባ ወልደ ዮሐንስ፣ የዓሣ መረብ ጠግነው የሚያድሩት ሽማግሌ፣ ከኋላ እጃቸውን አወጡ።

«ልጄ፣ አንድ አፍታ ደጅ ልውጣ። ሽንቴ አስቸገረኝ።»

«አባባ፣ ሽንት ከአብዮት አይቀድምም! ይቀመጡ።»

ያጨበጨበም ነበረ። ሽማግሌው ተቀመጡ። ጉልበታቸውን ገጥመው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እስከ መጨረሻው ቻሉ።

ግንቦት ሲጋመስ ከአውራጃ አንድ ትልቅ እንግዳ ሊጎበኘን መጣ። አዘዘ ካኪውን አስተኩሶ ለበሰ፤ ቻለውን ቆለፈበት፤ የአዳራሹን ቁልፍም የሳጥኑንም በአንድ ኪስ ይዞ ወጣ። አዳራሹ ቆርቆሮ ነው፤ የባሕር ዳር ፀሐይ ደግሞ ቆርቆሮ ላይ ስታርፍ ምሕረት የላትም። እንግዳው ስለ ዓለም ላብ አደሮች ሲናገር አዘዘ ከጎኑ ተቀምጦ ያልበዋል፤ በላበው ቁጥር ይጠጣል። ለእንግዳው የተቀመጠውን ማሰሮ ውኃ ጠጥቶ የጨረሰው እሱ ነው።

እንግዳው ገና አፍሪካ ላይ ሳይደርስ አዘዘ እግሩን አጠላለፈ። አፍሪካ ላይ ሲደርስ ከንፈሩን ነከሰ። ኢትዮጵያ ላይ ሲደርስ ጎንበስ ብሎ አንሾካሾከ።

«ጓድ፣ ይቅርታ፣ አንድ ጊዜ ደጅ ወጥቼ ልመለስ?»

እንግዳው ድምፅ ማጉያውን ሳያርቅ «በሩ አይከፈትም አላላችሁኝም እንዴ?» ቢል አዳራሹ ሁሉ ሰማ። ከኋላ አንድ ወፍራም ድምፅ፦

«ሽንት ከአብዮት አይቀድምም!»

እንግዳው ደስ አለው። «ማለፊያ መፈክር! ማን ነው ያወጣው?»

«ጓድ አዘዘ!»

«እንግዲያው ጓድ አዘዘ ያስፈክረን! ተነሡ!»

ተነሣን። አዘዘም ተነሣ፤ ምን ያድርግ? ግራ እጁን ጨብጦ ወደ ላይ ሰቀለ። «ሽንት...» አለ። እጁ እንደ ተሰቀለ ቀረ፤ ሌላው ሁሉ ወረደ። ካኪ ምስጢር አይደብቅም። ከጉልበቱ በላይ የጀመረው ጥቁረት እስከ ቁርጭምጭሚቱ ደረሰና ከመድረኩ ጣውላ ላይ መንጠባጠቡ ተሰማ።

የሳቀ የለም። ቢሳቅ ኖሮ ይቆጣ፣ ይፎክር፣ አድኃሪ ብሎ ይሳደብ ነበር፤ ያ ይቀለው ነበር። እኛ ግን ያን ሁሉ ሆነን አንድ ላይ ቀና ብለን የቆርቆሮውን ሚስማር እናይ ጀመር። እንግዳው እንኳ ወረቀቱን ማገላበጥ ያዘ።

አባባ ወልደ ዮሐንስ ከኋላ ተነሥተው ቀስ እያሉ መድረኩ ድረስ መጡ። ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አውርደው ከወገቡ ጀምሮ ሸፈኑት።

«ያዝ ልጄ፣ በርዶሃል።»

ቆርቆሮው በሙቀት ይንጣጣ ነበር።

በሩን ራሱ ከፈተ። በዘንባባዎቹ ሥር፣ አንገቱን እንደ ሰበረ፣ የእሑድ ሰው እየሸሸ ቤቱ ደረሰ። ከሳጥኑ ውስጥ ድምፅ የለም። ቁልፉን ከእርጥብ ኪሱ አወጣ። ሲከፍት ቡችላው በእግሩ መካከል ተፈትልኮ ከግቢው የዘይቱን ዛፍ ሥር ደረሰና ሸና። ረጅም ሽንት፣ የትልቅ ሰው ሽንት። የብርጓል ጆንያውን ዳሰሰች። ደረቅ ነው።

«ጎሽ! ጎሽ የኔ አንበሳ! ቻለ እኮ! ቻለው ቻለ!»

እንዲህ ብላ ዘወር ስትል ጋቢውን አየች። ከጋቢው ሥር ያለውን ሱሪ አየች። ፊቷ ላይ የነበረው ደስታ የት እንደሚደበቅ ጠፋው።

«ውኃ ላሙቅልህ» አለች፣ ቀስ ብላ።

እትዬ ሸሪፋ ለሶላት ሊታጠቡ ከደጃፋቸው ተቀምጠው ነበር። «አዘዘ...» ብለው ጀመሩ፤ ተዉት። ማንቆርቆሪያቸውን ብድግ አድርገው ለየብርጓል አቀበሏትና ገብተው በራቸውን ዘጉ።

ስሙን የቀየረው አልተገኘም። የተቀየረው የውሻው ነው። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ እትዬ ሸሪፋ ቡችላውን «ቡቺ» ይሉታል፤ የብርጓልም «ቡቺ»፤ ሰፈሩም «ቡቺ»። ማንም አልተማከረም። ብቻ አዘዘ በሚሰማበት «ቻለው» የሚል ጠፋ፤ ቻለው የተባለ የልጅነት ጓደኛ ያለው ሰው እንኳ እሱ ሲያልፍ «ያ ሰውዬ» እያለ ያወራል። ምሕረት እንዲህ ሲሆን ከስድብ ይከብዳል፤ ስድብ እኮ መልስ አለው።

ጓጉንቸሩን ሐይቅ ወረወረው ይላሉ፤ ያየሁት የለም። ያየሁት ሳጥኑ በሩ ተነቅሎ ከደጅ መቀመጡን፣ ውሻውም ሲያሰኘው ገብቶ ሲያሰኘው መውጣቱን ነው። ጋቢውን አሳጥቦ ቢወስድላቸው አባባ ወልደ ዮሐንስ «ብርዱ አለቀ እንዴ?» ብለው መለሱለት። ሰብሳቢነቱን ለሌላ ለቀቀ። አዲሱ ሰብሳቢ ደንቡን አልለወጠም፤ የወደደው እንዲያውም ደንቡን ነው።

አዘዘ አሁን ከኋላ፣ በሩ አጠገብ፣ በዚያ ሙቀት ጋቢውን ደርቦ ይቀመጣል። እጁን ግን እስካሁን አላወጣም። እንግዲህ አንተ መድረክ ላይ የምትቀመጥ አንባቢ፣ ቁልፉም በኪስህ ያለ፣ አንድ ልመና አለኝ፤ ያ ሰውዬ አንድ እሑድ እጁን ያወጣ እንደሆነ፣ «ምን ፈለግህ?» ብለህ በሰው ፊት ከመጠየቅህ በፊት፣ እባክህ...