መገበሪያና የአሳማ ሥጋ በአንድ መንገድ

ዛሬ ፍኖተ ሰላም ላይ፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ የሰው ምሳ ልበላ ነበር። የእህቴ ልጅ ጥብስ ልጋብዝዎ ብሎ አንድ ሆቴል አስገባኝ። እጄን ታጥቤ ስመለስ መነጽሬን ከኪሴ ማውጣት ታከተኝና በግምት ሄጄ ተቀመጥኩ። ከፊቴ ያለውን ሳህን ጎተት አድርጌ ሹካ ሳነሳ አስተናጋጇ እየሮጠች መጣች።

«አባባ! ይተዉት! የፈረንጆቹ ነው! ከአገራቸው በቆርቆሮ ያመጡት አሳማ ነው!»

ያን ጊዜ መነጽሬን አወጣሁ። የእህቴ ልጅ ከወዲያኛው ጥግ ፊቱን በእጁ ሸፍኗል። ሁለት ፈረንጆች ቆመው ያዩኛል። ሹካውን አስቀመጥኩ፤ ዐይኔ ግን ከሳህኑ አልነሳ አለ። ቀዩ ሥጋና ነጩ ጮማ እንደ ነጠላ ጥለት መስመር መስመር ሠርቶ ተደራርቧል። ይህን ሥጋ አውቀዋለሁ። በልቼው አይደለም፤ ፈልጌው ነው።

ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ከቡሬ ወደ ማንኩሳ ሲመጡ መንገድ ዳር በነበረ የመንገድ ሥራ ሰፈር፣ አካፋና ዶማ እየቆጠርኩ የማስረክብ የዕቃ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። መሬት የለኝም፣ በሬ የለኝም። ያለኝ አንድ ኮትና የሺ የምትባል የማንኩሳ ልጅ ፍቅር ነው። ኮቱም የውሰት ነበር። ሽማግሌ ብልክ አባቷ መሪጌታ ስሜነህ፣ «ልጁ ጨዋ ነው፤ ግን ምን ይዞ ነው ልጄን የሚያኖራት?» ብለው ለሁለት ሳምንት ቀጠሩን።

በዚያ ዘመን የመኪና መሪ የያዘ ሰው ይህን ጥያቄ አይጠየቅም ነበር። ሾፌር ከሆንኩ የሺ የእኔ ናት። የመኪኖቹ አለቃ ደግሞ ሙሴ ፒኖ የምንለው ፈረንጅ ነው፤ እሱም ለአገሩ በዓል የአሳማ ሥጋ አምሮታል። እንዲያው አሳማ ብቻ ቢል ደግ ነበር። የሚፈልገው የሆዱን ሥጋ፣ ከነቆዳው፣ ሳይቆራረጥ ነው። ሸሚዙን ገልጦ በገዛ ቦርጩ ላይ በጠመኔ አሰመረልኝ።

«ከዚህ፣ እስከዚህ። አንተ ካመጣህ፣ እኔ መኪና ላይ አወጣሃለሁ።»

እንግዲህ አስቡት። ክርስቲያኑም እስላሙም ስሙን ሲሰማ ምራቁን በሚተፋበት አገር፣ አሳማ ፈልጌ፣ ከአሳማውም ሆዱን መርጬ ላመጣ ነው። ባላመጣ የሺ ቀረች። አምጥቼ ቢሰማብኝም የሺ ቀረች።

አሳማው የሚገኝበትን ግን አውቅ ነበር። መስከረም ላይ በቆሎው ሲያሽት፣ ከቡሬ አልፎ በሽንዲ መንገድ ያሉ ገበሬዎች ከዱር አሳማ ጋር ጦርነት ላይ ናቸው። ጉድጓድ ቆፍረው፣ አፉን በቅጠል ሸፍነው ይጥሉታል፤ የሞተውን ለጅብ ይጎትቱታል። የሰፈሩን የውኃ አህያ እየነዳሁ ጎህ ሲቀድ ወጥቼ፣ አያ ቢተው ከሚባሉ ገበሬ ማሳ ደረስኩ። እሸት ሲጠበስ ይሸታል። ከማሳው ጫፍ ሰውዬው የለፉበትን በቆሎ በልቶ የሰባ አሳማ ተጋድሟል።

«ለምን ሊሆንህ ነው?» አሉኝ፣ የሆዱን ሥጋ እንዲሰጡኝ ስለምናቸው።

«ለመድኃኒት ነው፣ አያ።»

«ሆዱን ብቻ መርጦ የሚፈልግ የምን በሽታ ነው?»

«የፈረንጅ በሽታ።»

ሳቁና ጀርባቸውን ሰጡኝ። «ቢላዬን ግን አልሰጥህም። ደግሞም አላየሁህም።»

በያዝኩት ቢላ፣ ፊቴን ወደ ሰማይ አዙሬ ቆረጥኩ። በበቆሎ ቅጠል ጠቅልዬ ጆንያ ውስጥ ከተትኩና አህያዋ ላይ ጫንኩ። እጄን ወንዝ ወርጄ በአሸዋ ፈተግኩት፤ ቆዳዬ ሊነሳ ምንም አልቀረው።

ስመለስ ከዝናብ በኋላ የምትመጣዋ ፀሐይ ወጣች። ዝንቡ መጣ። ቡሬን ሳልፍ ሁለት ውሾች ተከተሉኝ፤ ድንጋይ ብወረውር መለስ ይሉና እንደገና ይመጣሉ። ከጆንያው ጥግ አንድ ነገር ጠብ ሲል አየሁ። በጭቃ አበስኩት። ይሄኔ ነው ከኋላዬ የተጠራሁት።

«አንተ ልጅ! እግዜር ነው ያመጣህ!»

መሪጌታ ስሜነህ ናቸው። ለቁርባኑ ኅብስት የሚሆነውን የመገበሪያ ስንዴ ከቡሬ ገዝተው፣ በትከሻቸው ተሸክመው ያለከልካሉ።

«ጉልበቴን ይዞኛል፣ ልጄ። ይችን ከጭነትህ ላይ ጣል እናድርጋት።»

ወደ አህያዋ ሄዱ። ውሾቹ አጉረመረሙ። «እነዚህ ደግሞ ምን ነካቸው?» እያሉ እጃቸውን ዘረጉ። ጆንያውን ሊነኩ አንድ ስንዝር ቀራቸው። ውሸት አይቸግረኝም፤ ከጠዋት ጀምሮ ስዋሽ ነው የዋልኩት። የቁርባን ስንዴ አሳማ ላይ ሲጫን ቆሜ የማይበት አንጀት ግን አጣሁ።

«አይሆንም!» ብዬ ጮህኩባቸው።

ደነገጡ። የልጅቷ አባት ላይ እንዲህ አይጮኽም።

«ምን አልክ?»

«መገበሪያ በአህያ? ይህ ትከሻ እያለ? አይሆንም፣ አባቴ። ይስጡኝ።»

አዩኝ፣ አዩኝና ስንዴውን አሸከሙኝ። ከሩብ ኩንታል አያንስም። «ከፊት ከፊት ይሂዱ፣ ጭቃውን ይምረጡልኝ» አልኳቸው፤ ሽታው እንዳይደርሳቸው ነው።

ጥቂት እንደሄድን ሳይዞሩ፣ «ምንድን ነው የጫንካት?» አሉ።

«የፈረንጆቹ መድኃኒት ነው።»

«ይሸታል።»

«መድኃኒት አይደል፣ አባቴ።»

እርምጃቸውን ፈጠን አደረጉ። ሰፈሩ ጋ ስንደርስ አህያዋ ቤቷን ታውቃለችና ገባች። ውሾቹም ተከትለዋት ገቡ። እኔ ስንዴውን እስከ ማንኩሳ፣ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ተሸከምኩ።

ማታ ሙሴ ፒኖ ጆንያውን ፈትቶ እስኪያነባ ሳቀ። ወደ ሰማይ እያየሁ የቆረጥኩት ሆዱን ሳይሆን ወርቹን ኖሯል። መሪ ሳልይዝ ቀረሁ።

ሽማግሌዎቹ ለቀጠሮው ሲሄዱ ግን መሪጌታ፣ «ምን አለው ብዬ ነበር። ትከሻ አለው» ብለው ልጃቸውን ሰጡኝ።

እሳቸው ካረፉ ቆይተዋል። ለንስሐ አባቴ ተናዝዣለሁ፤ ስግደቱንም ሰግጃለሁ። የሺ ግን አባቷ ለምን እኔን እንደመረጡ ለልጆቻችን ነግራ፣ አሁን ለልጅ ልጆቻችን ትናገራለች። ስታወራው ድምጿ ዝግ ይላል። እኔ ጣሪያ ጣሪያውን አያለሁ፤ ትሕትና ይመስላቸዋል።

ዛሬ ቤት ስገባ፣ «ምን በሉ?» አለችኝ።

«ጥብስ» አልኩና ተቀመጥኩ። «የሺ፣ ያ የአባትሽ መገበሪያ...»

«እንዴት ትዝ አለዎት!» ብላ ፊቷ በራ፣ ልክ እንደ ማንኩሳዋ ልጅ። «እስኪ ይንገሩኝ፤ ከእርስዎ አፍ ሰምቼው አላውቅም።»

ከባድ ነበር አልኳት። ይህም ውሸት አይደለም። የቀረው፣ አህያዋ የተሸከመችው ምን እንደነበር፣ አንዲት ዓረፍተ ነገር የማይሞላው ዕዳ፣ እስከ አሁን አለብኝ።