የአባቴ መደብ ቁመት

እኔ ያላማረ ቤት ሳይ እጄ አርፎ አይቀመጥም። ሰው ቤት ስገባ ዓይኔ ቀድሞ የሚያርፈው ሰዎቹ ላይ ሳይሆን መጋረጃው ላይ ነው። ለምን እዚያ ተሰቀለ፣ ለምን እንዲህ አጠረ እያልኩ በሆዴ አወጣለሁ፣ አወርዳለሁ። እናቴ ይህን አመሌን ታውቀዋለች። "አንቺ እኮ ለቅሶ ቤትም ሄደሽ ግድግዳ ነው የምታዪው" ትለኛለች። እውነቷን ነው።

ኮምቦልቻ ስድስት ዓመት አስተምሬ፣ ዝውውር አግኝቼ ከሚሴ ወላጆቼ ቤት ስመለስ ይህ አመል ብሶብኝ ነበር። ስልኬ በትንሽ ወጪ ቤት ማሳመር በሚያስተምሩ ቪዲዮዎች ተሞልቷል። ሰው ከአሮጌ ጎማ መቀመጫ፣ ከተሰበረ ሳጥን መደርደሪያ ሲያወጣ እያየሁ፣ እኔስ ምን ያንሰኛል እላለሁ። የተመለስኩ ሰሞን ደግሞ እናቴ ቤት አልነበረችም። ባቲ ያገባችው እህቴ ወልዳ ልታርሳት ሄዳለች። ቤቱ የቀረው ለእኔና ለአባቴ ነው። ከዚህ የተሻለ ጊዜ ከየት ይመጣል?

ቤታችን የጭቃ ቤት ነው፤ ጣሪያው ቆርቆሮ። የከሚሴ ፀሐይ ቆርቆሮ ካገኘች አትምርም። ስለዚህ ሥራዬን ከላይ ጀመርኩ። ባዶ የማዳበሪያ ጆንያ ከጎረቤት ለምኜ፣ ተርትሬ፣ በሳሙና አጥቤ፣ እርስ በርሱ ሰፍቼ ኮርኒስ አደረግሁት። ጽሑፉ ወደ ላይ፣ ነጩ ወደ ታች። ግድግዳውን ኖራ ቀባሁት። እናቴ የማትለብሳቸውን ሁለት ስስ የድርያ ቀሚሶች ቆርጬ መጋረጃ ሰፋሁ፤ ነፋሱን አያግዱም፣ ብርሃኑን ግን ያለዝቡታል። ሳጥን ውስጥ ተቆልፎባቸው የኖሩ ሰፌዶቿን አውጥቼ ከትልቅ እስከ ትንሽ ግድግዳው ላይ ደረደርኳቸው። ቢጫ የዘይት ጀሪካኖችን ወገባቸው ላይ ቆርጬ፣ ቀለም ቀብቼ፣ አፈር ሞልቼ ሬትና ጤናዳም ተከልኩባቸው። እህቴ ከባቲ የላከችልኝን አዲስ ሰሌን አነጠፍኩ። ሁሉም ተደምሮ የአንድ ደህና ጫማ ዋጋ አያወጣም።

አባቴ ገባ ወጣ እያለ ያያል። "ማሻአላህ" ይላል። እጁን ግድግዳዬ ላይ እንዳያሳርፍ እየተጠነቀቀ ሲያልፍ ሳየው አንጀቴን ይበላኛል። እኔ ግን ገና አልጨረስኩም። የቀረኝ መደቡ ነበር።

በበሩ ሲገባ በስተግራ፣ ግድግዳውን ተከትሎ፣ ከድንጋይና ከጭቃ የተሠራ መደብ አለ፤ እኔ ሳልወለድ የነበረ። አባቴ አጎዛ አንጥፎ የሚቀመጠው፣ ምሳውን የሚበላው፣ እንግዳ የሚቀበለው እዚያ ነው። አባቴ ደግሞ ለሰው የሚነሳ ሰው ነው። ሀብታም ይሁን ደሃ፣ ሽማግሌ ይሁን ጎረምሳ፣ ሰው በሩን ሲረግጥ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ ነው ሰላም የሚለው። ልጆች ሳለን ተቀምጠን እንግዳ ከተቀበልን ወዮልን።

ጨፋ ላይ ሲያርሰው የኖረውን መሬት አሁን የእኩል ሰጥቶታል። ጉልበቱን የጨረሰው የጨፋ ጭቃ ነው ይላሉ የሚያውቁት፤ እሱ ስለ ጉልበቱ አይናገርም። መደቡ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ሲሰግድ አይቼዋለሁ። ሰሞኑን ወገቡን አሞት ይሆናል ብዬ አለፍኩት።

"አባ፣ ይኼን መደብ ላፍርሰውና መጅሊስ ልሥራልህ?" አልኩት አንድ ቀን። መጅሊስ ወለል ላይ ከግድግዳ ግድግዳ የሚዘረጋው የዓረብ ፍራሽ ነው። ዛሬ ከሚሴ ውስጥ መጅሊስ የሌለው ሳሎን ሳሎን አይባልም።

መደቡን በመዳፉ ዳበስ አደረገው።

"ደስ ይልሻል?"

"በጣም!"

"እንግዲያው አፍርሺው።"

ያቺን "ደስ ይልሻል" ዛሬ ሳስታውሳት ራሴን በኩርኩም ማለት ያምረኛል። ያኔ ግን ነጋልኝ ብዬ ዶማ አነሳሁ።

ሳፈርሰው አንድ ነገር ገርሞኝ ነበር። የመደቡ ጎን ልስኑ ስስ ነው። ላዩ ግን ንብርብር ነው፤ ቀይ አፈር፣ ከዚያ ነጭ፣ ደግሞ ቀይ፣ ደግሞ ነጭ፣ ልክ እንደ ሽንኩርት። ዶማዬ አንዱን ሲያነሳ ሌላው ከሥሩ ብቅ ይላል። "እማ ደግሞ ጭቃ ስትወድ!" ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ። ፍርስራሹን በእጅ ጋሪ አውጥቼ ጓሮ ደፋሁት።

መጅሊሱን በገዛ እጄ ሠራሁት። ፍራሽ ከሚሠሩ ሰዎች የስፖንጅ ቁርጥራጭ ለመንኩ፤ ከሰንበቴ ገበያ ቀይ ጨርቅና ወርቃማ ጥለት ገዛሁ። ሰፋሁት፣ ሞላሁት፣ ዘረጋሁት። ከመሬት አንድ ስንዝር ቢሆን ነው፤ ሲቀመጡበት ያሰምጣል። ጂዳ ኖራ የተመለሰች ጎረቤታችን በሩ ላይ ቆማ "እህቴ፣ እኔን መልሰው ወሰዱኝ እንዴ?" ስትል ኩራቴ ልክ አልነበረውም። በሳምንት ውስጥ ሦስት ሴቶች ልኩን ሊወስዱ ሜትር ይዘው መጡ።

አባቴ "ማሻአላህ፣ አማረ" አለ። በሩ ላይ ቆሞ አየው። ከዚያ "ሞቀኝ" ብሎ ወጣ።

በማግስቱም ሞቀው። በሦስተኛውም ቀን። ከአጥራችን በር አጠገብ፣ ከኒሟ ዛፍ ሥር፣ የተሰነጠቀ አሮጌ ሙቀጫ ገልብጦ መቀመጫ አደረገ። ምሳው እዚያ፣ ሬዲዮው እዚያ፣ እንግዳውም እዚያ። ሶላቱን መስጊድ ማዘውተር ጀመረ። የሚሄድበት መስጊድ አቅመ ደካሞች የሚሰግዱበት የፕላስቲክ ወንበር እንዳለው አላሰብኩም። እኔ የታየኝ ሌላ ነው። አልወደደልኝም ማለት ነው። ያ ሁሉ ልፋት! ተቀየምኩ። እኔ ስቀየም ደግሞ ዕቃው ሁሉ ያውቃል፤ ድስት ይንኳኳል፣ በር ይዘጋል።

"አባ፣ ሰው ምን ይላል? አባቷን አስወጥታ በር ላይ አስቀመጠችው ይለኛል እኮ!"

"ነፋሱን ወድጄው ነው፣ ኢንተላኮ" አለኝ። ሲያባብለኝ ሁልጊዜ በኦሮምኛ ልጄ ይለኛል። ነፋስ የሚባል ነገር ግን አልነበረም፤ የኒሟ ቅጠል እንኳ አይንቀሳቀስም።

የእህቴ አርባ ቀን ሲሞላ እናቴ ከባቲ ተመለሰች። ሳሎኑን ስታይ አፏን ያዘች። ኮርኒሱን አየች፣ ሰፌዶቿን አየች፣ የገዛ ድርያዎቿን መስኮት ላይ አይታ በሳቅ ፈረሰች። ከዚያ ወደ ግራ ዞረች።

"መደቡስ?"

"አፈረስኩት! አላማረም?"

"አምሯል" አለች፤ ሳቋ ግን ቆመ። "እሱ ምን አለ?"

"አማረ አለ።"

"እሱማ ይላል" ብላ፣ ሻንጣዋን እንደያዘች በመስኮቱ ወደ ኒሟ አየች። የልጅ ልጇ ናፍቃት ነው ብዬ ተውኳት።

ዓረፋ ደረሰ። በዕለቱ አባቴ ከሶላት ተመልሶ ወደ ሙቀጫው ሊሄድ ሲል ክንዱን ያዝኩት። "ዛሬማ በር ላይ አትቀመጥም። ዒድ ነው፣ እንግዳ ይመጣል" አልኩት። ሊያመልጠኝ ሞከረ፤ እኔ ግን ከያዝኩ አልለቅም። አስገብቼ ከመጅሊሱ መሃል፣ ከሰፌዶቹ ሥር አስቀመጥኩት። ክንዴን ተደግፎ ዝቅ አለ፣ ዝቅ አለ፣ ከዚያ ዱብ አለ። ነጭ ጀለቢያውን ለብሶ በቀዩ ፍራሽ ላይ እንዴት እንዳማረበት! ፎቶ አንስቼው ለእህቴ ላክሁላት።

ከዙሁር ሶላት በኋላ ሰንበቴ ከተማ የሚኖሩት ወዳጁ መጡ። ፍየል ነጋዴ ናቸው፤ የሚተዋወቁት ከልጅነታቸው ነው፤ ዓረፋ በመጣ ቁጥር ሳይጠይቁት አይቀሩም። "አሰላሙ አለይኩም!" ብለው ገቡ።

አባቴ "ወአለይኩም ሰላም" አለና ሊነሳ እጁን ፍራሹ ላይ ተደገፈ። ፍራሹ እጁን ዋጠው። በሌላ እጁ ትራሱን ያዘ፤ ትራሱ ተንሸራተተ። ጉልበቱ ግማሽ ድረስ ወጣ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ተመልሶ ወረደ። እንደገና ሞከረ። ግንባሩ ላቦት አወጣ።

"ሂን ከኢን፣ ሂን ከኢን! አትነሳ በአላህ!" ብለው ሰውየው ጎንበስ አሉና ትከሻውን ያዙት።

አባቴ ተቀምጦ ሳማቸው። ዕድሜዬን ሙሉ ተቀምጦ እንግዳ ሲቀበል አይቼው አላውቅም ነበር።

"አውፍ በለኝ" አላቸው፤ ዓይናቸውን አላየም። "ለአንተ እንኳ መነሳት አቃተኝ።"

"ተው እንጂ! ፍራሹ ነው የያዘህ" ብለው አጠገቡ ተቀመጡ። ሊሄዱ ሲሉ ፍራሹ እሳቸውንም ያዛቸው። በእጃቸውና በጉልበታቸው እስከ በሩ ድረስ ሄደው መቃኑን ይዘው ቆሙ። "ልጄ፣ ይኼን ፍራሽ ለእኔ ስጪኝ፤ ፍየሎቼን ላስቀምጥበት፣ አንዲትም አታመልጠኝ!" ሲሉ ሁላችንም ሳቅን። አባቴም ሳቀ፤ ወደ እኔ ግን አልዞረም።

እኔ ወጥ ቤት ገብቼ ቆምኩ። እናቴ ሥጋና ሽንኩርት እየከተፈች ነበር፤ ቢላዋዋን አስቀመጠች።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አልኳት።

"ቆየ። አንቺ ኮምቦልቻ ከመሄድሽም በፊት ነው። ለዓረፋ መደቡን ስለስን ላዩ ላይ አንድ ጣት እጨምርለታለሁ። በዓመቱ ጉልበቱ ትንሽ ይብሳል፣ እኔም አንድ ጣት እጨምራለሁ። መደቡ ከፍ ካለ ጉልበቱ ብዙ አይታጠፍም፤ ብድግ ማለት አያቅተውም። እሱ አያውቅም። እንዲያውቅም አልፈልግም።"

"ለምን አልነገርሽኝም እማ?"

"ምን ብዬ? አባትሽ መነሳት አቅቶታል ብዬ? ያንን ሁሉ ዓመት የደበቅሁለትን?"

ቀይ፣ ነጭ፣ ቀይ፣ ነጭ። የእናቴን የስንት ዓመት ፍቅር በዶማ እየነቀልኩ በእጅ ጋሪ ጓሮ ደፍቼዋለሁ፤ በዚያ ላይ ስቄበታለሁ። አለቀስኩ፤ በዒድ ቀን ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። እናቴ በሽንኩርት እጇ ፊቴን ስትጠርግልኝ ደግሞ የባሰ አነባሁ።

ዒዱ እንዳለፈ ጓሮ የደፋሁትን አፈር መልሼ አቦካሁት። ጭድና እበት ጨመርኩበት፤ ጥቂት ቀን ተውኩት። ድንጋዩን መልሼ ደረደርኩ። ስልኬን አልከፈትኩም፤ ይህን የሚያስተምር ቪዲዮ የለም። ሜትር ላመጣ ስል እናቴ ከለከለችኝ። ግድግዳው አጠገብ ቆመች፣ መዳፏን ጭኗ ላይ አሳረፈችና "እስከዚህ" አለች። ከዚያ ትንሽ አሰበች፤ እጇን ከፍ አደረገች። "ሁለት ጣት ጨምሪበት፤ ዘንድሮ ከፍቶበታል።"

ለአባቴ ያልነው ሌላ ነው። "ፍራሹን አይጥ ለመደው፣ ከመሬት ልናነሳው ነው" አልነው። እሱም "እውነታችሁን ነው" አለ። መደቡ ሲደርቅ በቀይ አፈር ለሰንኩት፤ ጠርዙን ነጭ አደረግሁት። ከመጅሊሱ ስፖንጁን ቀንሼ፣ በዚያው በቀዩ ጨርቅ ስስና ጠንካራ ምንጣፍ ሰፍቼ ላዩ ላይ ዘረጋሁ። የተረፈው መጅሊስ በማዶ በኩል ቀረ፤ ጉልበት ላለው ይሁን። ሳሎኑ ከፊተኛው ይልቅ አማረ። ይህን የምለው ለራሴ አድልቼ አይደለም፤ ጎረቤቷም ሜትሯን ይዛ ተመልሳ መጥታለች።

አባቴ ሙቀጫውን ትቶ የገባ ዕለት እናቴ ገበያ ነበረች። እኔ ከትምህርት ቤት መጥቼ፣ የፈተና ወረቀቴን እንደታቀፍኩ "አሰላሙ አለይኩም" ብዬ በሩን ገፋሁት።

አባቴ ብድግ አለ። ምንም ሳይደገፍ፣ እጁን እንኳ መደቡ ላይ ሳያሳርፍ ተነስቶ ቆመ።

"ወአለይኩም ሰላም፤ ግቢ" አለኝ፣ ከሩቅ እንደመጣ እንግዳ።

አባት ለልጁ አይነሳም። "አባ፣ ምን ሆነህ ነው፣ ተቀመጥ" አልኩት።

ተቀመጠ። የመደቡን ጠርዝ በመዳፉ ዳበስ አደረገው፤ ወደ በሩ አየት አደረገ፣ እናቴ አለመምጣቷን አረጋገጠ።

"ዘንድሮ ስንት ጣት አስጨመረችሽ?" አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ወረቀቱ ከእጄ ሊወድቅ ነበር።

"ሁለት" አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። "እንደማውቅ እንዳትነግሪያት" አለኝ።