የጠዋቷ መለኪያ

ፊደል የቆጠርኩት በአርባ አንድ ዓመቴ ነው። ከዚያ በፊት የሚፈረም ወረቀት ሲመጣ አውራ ጣቴን ቀለም ነክሬ እጫን ነበር፤ ዳግመኛ እንደማልጫን ምዬ ነው የተማርኩት።

ኮልፌ ውስጥ በርና መስኮት እበይዳለሁ። ጠዋት እጄ ይንቀጠቀጣል። አንድ መለኪያ አረቄ ስገለብጥ ቀጥ ይላል። እኛ ሰፈር ይሄ መድኃኒት ነው፤ ሰካራም የሚባለው ቦይ ውስጥ የሚያድረው ብቻ ነው። መለኪያዋ ግን እያደር ወለደች፤ ሁለት ሦስት ሆነች።

አንድ ቀን ሚስቴ ጠዋት ሳልጠጣ የጻፍኩትን የሥራ ሂሳብ አየች።

«ይሄን ዶሮ ናት የጫረችው?»

ንዴቴ መጣ። ጠርሙሱን ደፋሁትና በቃ፣ ተውኩ አልኩ። በአንድ ቀን! ጀግና መሆኔ ነው።

በማግስቱ ላብ አጠመቀኝ። መቀመጥ አልችል፣ መቆም አልችል። ጉንዳን በክንዴ ላይ ሲርመሰመስ አያለሁ፤ ስጠርገው የለም። በሦስተኛው ቀን ብየዳ ቤቴ በር ላይ ወድቄ ተንፈራገጥኩ። ጎረቤቶቼ ክብሪት ጭረው አፍንጫዬ ሥር ያዙ።

«ጋኔን ነው፣ ጠበል ውሰዱት!»

«ምን ጋኔን! ጠምቶት ነው» አለ አናጢው ጎረቤቴ። ሳቁ አሉ።

ሚስቴ ማንንም አልሰማችም። በታክሲ ቤቴል ወስዳ ክሊኒክ አስገባችኝ።

«ጋሼ፣ በቀን ምን ያህል ይጠጣሉ?» አለችኝ ሐኪሟ፤ ልጄ ልትሆን የምትችል።

«አንድ ሁለት መለኪያ።»

«በጠርሙስ ንገራት» አለች ሚስቴ።

«ግማሽ።» ሚስቴ አፈጠጠችብኝ። «እሺ፣ ሙሉ!»

ሐኪሟ አልገሠጸችኝም። «አረቄ አንጎልን ያደነዝዛል። የእርስዎ አንጎል እንዳይደነዝዝ ዘወትር ሲታገል ኖሯል። አረቄው በድንገት ሲቀር ትግሉ ግን አልቆመም፤ የጣለዎት እሱ ነው። ብዙ የጠጣ ሰው ለብቻው በአንድ ጊዜ አያቆምም፤ ይገድላል። በሐኪም፣ በመድኃኒት ነው የሚቆመው።»

«እጄስ? ይጽፋል?»

«ገና አላውቅም። ጉበትዎንም ነርቭዎንም እናያለን።»

ተኝቶ ለመታከም መፈረም ነበረብኝ። ነርሷ እጄን አይታ የጣት ቀለም አመጣች።

«ጋሼ፣ በጣትዎ ያድርጉት፤ ይቅለልዎት።»

ስድብ አላሰበችም። እኔን ግን አቃጠለኝ። እስክሪብቶ ጠየቅሁ። የመጀመሪያው ፊደል ተጣመመ፤ ሁለተኛው ከመስመሩ ወረደ። ከኋላዬ ተራ የሚጠብቀው ሰው «ኧረ ጋሼ፣ ደብዳቤ ነው እንዴ?» አለ። «ጠብቅ!» አልኩት። ሚስቴ ወረቀቱን በሁለት እጇ ወጥራ ያዘችልኝ። ላቤ ወረቀቱ ላይ ተንጠባጠበ።

ነርሷ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘወር አድርጋ አየችው።

«ይነበባል» አለች።