ሕንድ የተሸነፈችበት ጳጉሜ

ኦሎምፒክ ሲነሳ ሰው ሁሉ ስለ ሩጫ ያወራል። እኔ ትዝ የሚለኝ የዱላ ጨዋታ ነው፤ ሆኪ ይሉታል። በጃንሆይ ዘመን፣ አቃቂ ጥጥ ፋብሪካ አጥር ሥር፣ ልጅ አዝዬ ካፊያ እየመታኝ የሆኪ ውጤት ስጠብቅ ያመሸሁ ሴት ነኝ። ወድጄ እንዳይመስላችሁ። የሄድኩት የባሌን አፍ ልጠብቅ ነው።

ባለቤቴ ያኔ በሽመናው ክፍል የቀን ሠራተኛ ነበር። የቀን ሠራተኛ ማለት ዛሬ ና ተብሎ ነገ አትምጣ የሚባል ሰው ነው። ቋሚ የሚሆነው የክፍሉ ኃላፊ ወዶት ስሙን ለቢሮ ሲያሳልፍለት ነው። ኃላፊው ደግሞ ሕንድ ነበር፤ ትልቁም ትንሹም ሚስተር ነበር የሚለው። ሚስተር፣ አዲስ ዓመት ይግባና ከቀን ሠራተኞቹ ጥቂቶቹን ቋሚ አደርጋለሁ ብሎ ስለ ነበር ያን ክረምት እንቅልፍ የሚባል ነገር አላውቅም። የባለቤቴ እጅ ጥሩ ነው፤ ክር ሲበጠስ እንደ እሱ ቶሎ የሚቀጥል የለም ይሉታል። ችግሩ ምላሱ ነው። ሰው ሳያስቅ ከዋለ ምሳ የበላ አይመስለውም። ጠዋት ጠዋት ሌላው ሴት ባሏን «በሰላም ዋል» ብላ ስትሸኝ እኔ «ዝም ብለህ ዋል» ነበር የምለው።

የሚስተር ቤት ፋብሪካው ግቢ ዳር ላይ ነበር። ከኛ ከሠራተኞቹ ቤት የሚለየው የሽቦ አጥር ብቻ ነው። መብራት ከፋብሪካው ይገባለታል፤ ሣጥን የሚያህል ሬዲዮም ነበረው። ሐምሌ ውስጥ ሬዲዮው አልሰማ ቢለው ባለቤቴን ጠርቶ ባሕር ዛፍ ላይ ሽቦ አሰቀለው። ባለቤቴ ርሶ ሲወርድ ሚስተር ሻይ ሰጠውና ሬዲዮው ለምን እንዳስፈለገው ይነግረው ጀመር። በቃል አልሆን ሲለው ጃንጥላውን አመጣ፤ እጀታውን ወደ ታች ገልብጦ የበቆሎ ቆረቆንዳ እየመታ በረንዳውን ዞረ። ባለቤቴ አይቶ አይቶ ብርጭቆውን አስቀመጠና «ይሄማ ገና ነው» አለው።

ከዚያ ተራው የሱ ሆነ። ገና እኛም አገር እንዳለ፣ ዱላው ጫፉ ቆልመም ያለ እንደ ሆነ፣ ሩር የሚባለው ኳስ ከእንጨት ተጠርቦ እንደሚሠራ፣ ሰፈር ለሁለት ተከፍሎ እንደሚጫወት አስረዳው። ያ መች በቃውና፤ አሸናፊው ተሸናፊውን በግጥም እንደሚሰድብ፣ የዚያን ቀን ባላባትም ቢሆን ዳኛም ቢሆን ተሰደብኩ ብሎ መቆጣት እንደማይችል ጭምር ነገረው። ከሚስተር ልጅነት ጀምሮ አገሩ በዚህ ጨዋታ በኦሎምፒክ ተሸንፋ አታውቅም። ተሸንፎ የማያውቅ ሰው ደግሞ ስድብ አያስፈራውም። «ጥሩ ሕግ ነው» አለ አሉ፣ እየሳቀ።

ባለቤቴ ማታ ይህን ሲያጫውተኝ የያዝኩት ሳህን ከእጄ ሊወድቅ ነበር። አንተ ሰው፣ ቋሚ የሚያደርግህን ሰውዬ ስለ ስድብ ታወራዋለህ ወይ ብለው፣ ስለ ስድብ አይደለም፣ ስለ ሕግ ነው ያወራሁት አለኝ።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ኦሎምፒኩ ገባ። ያገራችን ሬዲዮ ስለ ሆኪ ትንፍሽ አይልም። አራተኛ ክፍል ድረስ ስለ ተማርኩ፣ አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ያለው ስልጤው ባለሱቅ ስኳር የሚጠቀልልበትን ጋዜጣ ያስነብበኝ ነበር። እዚያም ፈለግኩ፤ ወሬው የለም። ያለው የሚስተር ሬዲዮ ብቻ ነው፤ እሱም የሚይዘው የውጭ ጣቢያ ነው። እያፏጨ፣ እየራቀ፣ እየቀረበ ይመጣል። ተናጋሪው ስለ ሩጫ፣ ስለ ዋና፣ ስለ ቡጢ አውርቶ አውርቶ ሊሰናበት ሲል ሆኪን ባንድ ትንፋሽ ጠርቶ ያልፋል። እዚያች ላይ መብረቅ ከጮኸ በቃ፣ የቀኑን ድካም ውኃ በላው። ሚስተር ያኔ ሬዲዮውን ባገሩ ቋንቋ ይቆጣዋል። ቋንቋውን ባናውቅም ምን እያለው እንደሆነ ይገባን ነበር።

ከሥራ የወጣው ሰው አጥሩ ሥር ይሰበሰባል። ሚስተር ውጤቱን ሲሰማ በመስኮት ብቅ ይልና በጣቱ ያሳየናል፤ ቀኝ እጁ የአገሩ፣ ግራ እጁ የባላጋራው ነው። ብዙውን ጊዜ ግራ እጁን ኪሱ ውስጥ ረስቶት ነበር የሚወጣው። አንድ ቀን እንዲያውም አሥሩንም ጣቶቹን ዘርግቶ መጣና ለተሸናፊው የሚሆን ጣት ጠፋ። እኔ ልክ ከባለቤቴ ጀርባ እቆማለሁ። አፉን ሊከፍት ሲል ትከሻውን ነካ አደርገዋለሁ። በዚህ ዓይነት ለጥበቃ የቆምኩት ሴት ሳላስበው ኒውዚላንድ የሚባል አገር እንዳለ አወቅኩ። የተናጋሪው ድምፅ ወደ ሆኪው ሲቃረብ ከሚስተር ጀርባ ማወቅም ቻልኩ፤ ትከሻው ወደ ጆሮው ከፍ ይላል። ጎረቤቶቼ ውጤት ካመለጣቸው እኔን መጠየቅ ጀመሩ። ልጄ እንኳ ስታለቅስ ኋላ ኋላ «ሽሽ፣ ሆኪ ነው» ነበር የምላት።

ሕንድ ሁሉንም አሸንፋ ለመጨረሻው ደረሰች። የሚጠብቃት ጎረቤቷ ፓኪስታን ነው። ጣጣ የመጣው እዚህ ላይ ነው። እስከዚያ ድረስ አጥሩ ሥር ያለው ሰው ሁሉ የሕንድ ወገን ነበር። አንድ ሽማግሌ ሸማኔ ይሄ ነገር ገና ከሆነ ሁሉም ባንድ ወገን መቆሙ ነውር ነው ብሎ ተነሳ። በገና ሁለት ወገን ከሌለ ጨዋታ የለማ። ሰዉ እውነት ነው አለ። እንደ ወጉ ሁለት አለቃ ተሾመና ሰው አንድ በአንድ ተመረጠ። ካርታ ላይ ፓኪስታንን የሚያሳይ ባይኖርም ግማሹ ፓኪስታን ሆነ። የፓኪስታን አለቃ ባለሱቁ ነው። እሱ መጀመሪያ የጠራው ባለቤቴን ነው። «ለጉልበቱ አይደለም» አለ፣ «ለምላሱ ነው።»

ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁ።

«በሚስተር አገር ላይ ትቆማለህ?»

«ተመርጬ ምን ልበል። እምቢ ያለ ፈሪ ነው የሚባለው።»

«ገና በታኅሣሥ ነው። አሁን ጳጉሜ ነው።»

«ጨዋታው ቀድሞ ከመጣ እኔ ምን ላድርግ፣ አንቺ ሴት።»

ማባበል አልሠራም፤ ማስማል ሆነ። ማን ቢያሸንፍ በዚህ ጨዋታ ላይ አንዲት የስድብ ቃል እንዳይናገር፣ ልጆቼን ይንሳኝ ብለህ ማል አልኩት። ፊቱ ጠቆረ። ለቀናት የደረደረው ግጥም እንደ ነበረው በኋላ ነው የሰማሁት። ሆኖም ማለ። እኔም ያን ቀን ጥሩ እንቅልፍ ተኛሁ።

የጨዋታው ቀን ወደ ማታ አካባቢ ዝናቡ አባርቶ ነበር። የሕንድ ወገን ባንድ በኩል፣ የፓኪስታን ወገን በሌላ በኩል ቆመ። ሬዲዮው አፏጨ። ተናጋሪው እንደ ልማዱ የማንፈልገውን ሁሉ አወራ። የሚስተር ትከሻ ከፍ አለ፤ ቆየ፤ ከዚያ ባንዴ ወረደ። ያን ጊዜ አወቅኩ።

መስኮቱ ጋ መጣ። ግራ እጁን አውጥቶ አንድ ጣት አሳየን። ቀኝ እጁ ጭብጥ እንዳለ ነው። ጣት ይበቅልበት እንደሆን የሚጠብቅ ይመስል አየው።

የፓኪስታን ወገን ሁሉ ወደ ባለቤቴ ዞረ። ባለሱቁ በክርኑ ጎሸመው። የባለቤቴ ከንፈር ተንቀሳቀሰ፤ እኔን አየ፣ ጭቃውን አየ፣ ዝም አለ። ሌላውም እሱን አይቶ አቀረቀረ። ሚስተር አልገባም። አገጩን ቀና አድርጎ፣ ሊገረፍ እንደ ተጠራ ተማሪ ቆሞ ጠበቀ። በመጨረሻ «ስድብስ?» አለ። እኔ በሆዴ ተመስገን እያልኩ ነበር።

«ታዝኑልኛላችሁ» አለና መስኮቱን ዘጋው።

በማግስቱ ሚስተር በባለቤቴ ማሽን አጠገብ ሳያየው አለፈ፤ ደግሞ አለፈ። ያ ሽማግሌ ሸማኔ ባለቤቴን ጠርቶ ወቀሰው። ሕጉን ራስህ ነግረኸው፣ ሰውየው ደረቱን ሰጥቶ ቆሞ፣ ለስድብ እንኳ የማይበቃ ሰው አደረግኸው አለው። ባለቤቴ ቤት ሲመጣ ገና ከበሩ ጀመረ።

«ዝም በል ያልሽኝ አንቺ ነሽ። በገና የማይሰደብ ማን ነው? ሕፃንና እብድ ነው። ሰውየው የናቅነው መስሎታል።»

«እንግዲያው አሁኑኑ ሂድና ስደበው።»

«ልጆቼን ይንሳኝ አስብለሽኝ?»

ያስማልኩት እኔ፣ ማስፈታቱን የማላውቅ እኔ። ባለቤቴ ጋቢውን ተከናንቦ ተኛ፤ እኔ ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ሌላ ሰው ይስደብልን ብዬ ባለሱቁ ዘንድ ሄጄ ብለምነው፣ የተመረጠው ምላስ እያለ የኔ ስድብ ምን ዋጋ አለው ብሎ መለሰልኝ። የባለቤቴ ምላስ ከታሰረ ደግሞ ከቤቱ ውስጥ ያለው ሌላ ምላስ አንድ ብቻ ነው። እኔ ሰው ሰድቤ አላውቅም፤ ዶሮ እንኳ የማባርረው በልመና ነው።

አዲስ ዓመት በማግስቱ ጠዋት ነጋ። አንድ ያገራችን ሰው በሩጫ ዓለምን ቀደመ የሚል ወሬ ደርሶ ሰፈሩ እልል እያለ ነው። ባለሱቁ ያገኘውን ሁሉ ያቅፋል። ትልቋ ልጄ አደይ አበባዋን ይዛ ስትወጣ እጇን ያዝኩና በሚስተር በር በኩል ወሰድኳት፤ በዚያን ቀን አበባ ለያዘች ልጅ የማይከፈት በር የለም። ባለቤቴ ከአጥሩ ማዶ ሲያየን አጥሩን ይዞ ተከተለ፤ እሱን ያየ ሌላውም ተከተለ።

ሚስተር ራሱ ከፈተ። አበባውን ተቀበለ፣ ስለ ሯጩ እንኳን ደስ አላችሁ አለኝ። ደግ ነው፤ ፊቱ ግን እንደ ቢሮ ነው። ሌሊቱን ግጥም ሞክሬ አልገጥም ብሎኝ ነበር፤ እንደ መጣልኝ ለቀቅኩት።

«ሚስተር» አልኩት፣ «ለአገርዎ ተጫዋቾች እነዚያን ዱላዎች ወደኛ ይላኩልን ይበሉልኝ። ክረምቱ ማገዶአችንን ጨርሶታል። ለሌላ ነገር እንደማይሆኑማ አይተናል።»

ሚስተር ግንባሩን ቋጠረና ማገዶ ምንድን ነው አለኝ።

ሰው መስደብ ከባድ ነው፤ የሰደቡትን ሰው ቁጭ ብሎ ማስረዳት ግን የባሰ ነው። እሳት የሚነድበት እንጨት ነው አልኩት። የትኛው ዱላ አለ። የሆኪው አልኩት። ለምን ይነዳል አለ። ጎል ስለማያገባ አልኩት። አማርኛ ከገበያ ሴቶች የተማረችው ሚስቱ ቀድማ ገባት። ከውስጥ ስትስቅ ሰማኋት፤ እየሳቀች ባገራቸው ቋንቋ ነገረችው። የሚስተር ፂም ተንቀጠቀጠ። መጀመሪያ በአፍንጫው፣ ከዚያ በሆዱ፣ በመጨረሻ የበሩን መቃን ይዞ ሳቀ። ከአጥሩ ማዶ እልልታ ቀለጠ፤ ያን ቀን እልል የተባለው ሁሉ ለሯጩ አልነበረም።

ዓይኑን ጠርጎ ወደ ባለቤቴ ጠቆመ። «እሱስ? ምላሱን ሸጠ?»

ነገሩ አንዴ ከፈሰሰ ብዬ እውነቱን ነገርኩት፤ ቋሚ ሳያደርጉት ቢቀሩ ብዬ ፈርቼ በልጆቹ አስማልኩት፣ ዝም ያለው ስለዚያ ነው አልኩት። ሳቁ ከፊቱ ጠፋ፤ ልቤም አብሮ ጠፋ።

«ገና መቼ ነው?» አለ።

«በታኅሣሥ መጨረሻ።»

«እሱ በታኅሣሥ እዚህ መኖር አለበት። እኔም ተራ አለኝ።»

ጥቅምት ሳይወጣ ባለቤቴ ቋሚ ሆነ። ክር ስለሚቀጥል ነው ያሉ አሉ፤ ይበሉ። ሚስተር ከዚያ በኋላ ከሥራ ሲወጣ ከባለሱቁ ደጅ አይጠፋም ነበር። ባለሱቁ ከፓኪስታን ወገን ወጥቶ ስድብ አስተማሪው ሆኗል፤ ሚስተር አንዱን በደንብ ሲይዝ ሁለቱም ባንኮኒው ላይ ተደፍተው ይስቃሉ። ባለቤቴም መሐላዬ ለአንድ ጨዋታ ብቻ ነበር እያለ ራሱን ያጽናናል፤ ለገና ግጥም ሲደረድር እየተኛ እየተነሳ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። እኔ ደግሞ አዲስ ሐሳብ ገባኝ። ድሮ አፍህን ያዝ፣ ነገ አትምጣ ይሉሃል እለው ነበር። አሁን ቋሚ ነው፤ በምን ላስፈራራው?